ዊንተር እና ክረምት አንድ አይደሉም፦ ዝቅ ያለች መኪና ይዞ የጎንደርን ክረምት ማለፍ

የደረሰኝ ጥያቄ ይህ ነው፦

«ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? ታላቅ ወንድሜ ሲነዳት የነበረችውን ቶዮታ ሴሊካ ለእኔ ሰጠኝ። እ.ኤ.አ. የ2002 ምርት ናት። ከቤልጂየም ነው የገባችው። ማርሿ ማኑዋል ነው። ቤቴ ከፒያሳ ከፍ ብሎ፣ ኮብልስቶን የተነጠፈ ቁልቁለት ላይ ነው። ሥራዬ አዘዞ ነው። በየአሥራ አምስት ቀኑም ባህር ዳር እመላለሳለሁ። አሁን ክረምት ሊገባ ነው። ኢንተርኔት ላይ ሳነብ አንዱ የክረምት ጎማ ግዛ ይላል። ሌላው ስፖርት መኪና ከሆነች ክረምቱን ሙሉ ሸፍነህ አቁማት ይላል። እርስዎ ምን ይሉኛል? ልንዳት ወይስ ላቁማት?»

ወንድምዓለም፣ ንዳት። ሦስት ወር ቆማ ከምትጎዳብህ በጥንቃቄ ብትነዳት ይሻላል። አነዳዱን ግን ረዘም አድርገን እንነጋገርበት። እንዲህ ያለች መኪና ዛሬ ብትበላሽ በሌላ መተካት ቀላል አይደለም። ከእ.ኤ.አ. 2024 መጀመሪያ ወዲህ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ወደ አገር ማስገባት ተከልክሏል። ስለዚህ በእጅህ ያለችውን መጠበቅ አለብህ።

መጀመሪያ ያነበብከውን ምክር ወደ ጎን እናድርገው። ምክሩ ውሸት አይደለም፣ የተጻፈው ግን ለሌላ አገር ነው። ፈረንጆች «ዊንተር» የሚሉትን እኛ «ክረምት» ብለን እንተረጉመዋለን። ስህተቱ የሚጀምረው እዚያ ላይ ነው። የእነሱ ዊንተር በረዶ ነው፣ አስፋልት ላይ የሚበተን ጨው ነው። የእኛ ክረምት ዝናብ ነው፣ ጭቃ ነው፣ ጎርፍ አምጥቶ መንገድ ላይ የሚጥለው ድንጋይ ነው። ወሩ ራሱ አይገጥምም። እነሱ በረዶ ሲዝቁ እኛ በጋ ላይ ነን፤ ነጭ ለብሰን ለጥምቀት ወደ ፋሲለደስ ጥምቀተ ባሕር የምንወርድበት ጊዜ ነው።

የክረምት ጎማ የሚባለው ላስቲኩ ለስላሳ የሆነ ጎማ ነው። የተለመደው ጎማ ከ7 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች እየደረቀ መንገድ መያዝ ያቅተዋል። ያኛው ግን በቅዝቃዜ አይደርቅም። ጎንደር በሐምሌና በነሐሴ ሌሊት እንኳ ብዙውን ጊዜ ከ10 ዲግሪ በታች አይወርድም። እንዲያውም የእኛ ብርድ የሚብሰው ክረምት ሳይሆን ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት የበጋ ሌሊቶች ነው። እንዲህ ባለ አየር የበረዶ ጎማ ብታስር ቶሎ ያልቅብሃል፣ ፍሬን ስትይዝም እንደ ደህና መደበኛ ጎማ አያቆምህም። ገንዘብህን አታውጣ።

ከጨው ጋር በተያያዘ ግን አንድ ነገር አለ። እዚህ አገር መንገድ ላይ ጨው የሚበትን የለም። መኪናህ ግን ከቤልጂየም ነው የመጣችው። እዚያ ብዙ ዊንተር በጨው መንገድ ተመላልሳለች ማለት ነው። ጨው የበላው ብረት ከሥር ተደብቆ ይቆያል፤ የእኛ ዝናብ ሲመጣ ዝገቱ እንደገና ሥራውን ይጀምራል። ስለዚህ ሰኔ ሳይገባ መኪናዋን ሊፍት ላይ አሰቅላት። በሮቹ ሥር በርዝመቱ የሚሄደውን ላሜራ፣ የኋላ ጎማ ቤቶችን፣ የፍሬን ዘይት የሚያልፍባቸውን ቀጫጭን የብረት ቱቦዎች እያቸው። ላሜራውን በካቻቢቴ እጀታ መታ መታ አድርገው። ደህና ብረት ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ የተበላው ድምፁ የታፈነ ነው። የተበላ ካለ ባቱላሜራ ዘንድ አሁኑኑ ውሰዳት። ቀለም ብቻ ቀብቶ እንዲመልስልህ አትፍቀድ። ዝገቱ ተፍቆ ይውጣ፣ ጸረ ዝገት ይቀባ፣ ከዚያ በላዩ ላይ ቀለሙ። የፍሬን ቱቦ ዝጎ ካገኘህ ግን ጥገና የሚባል የለም፤ ቀይረው።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ጎማ። ከምነግርህ ሁሉ አንዱን ብቻ ያዝ ብትለኝ ይህን ነው የምልህ።

መኪናህ መሬት የምትነካው የእጅ መዳፍ በምታክል አራት ቦታ ብቻ ነው። ዝናብ ሲዘንብ በመዳፉና በአስፋልቱ መካከል ውሃ ይገባል። ውሃውን ገፍቶ የሚያስወጣው የጎማው ጥርስ ነው። ጥርሱ ሲያልቅ ውሃው መሄጃ ያጣል፣ ጎማው ከአስፋልቱ ተነሥቶ ውሃ ላይ ይንሳፈፋል። ያን ጊዜ መሪ ብታዞርም ፍሬን ብትረግጥም መኪናዋ አትሰማህም። ሰፊ ጎማ ደግሞ ከጠባብ ይልቅ ለዚህ የተጋለጠ ነው፤ ብዙ ውሃ መግፋት ስላለበት። ስፖርት መኪኖች ሰፊ ጎማ ስለሚያስሩ ነገሩ አንተን በቀጥታ ይመለከታል።

ናሳ የአውሮፕላን ጎማ እርጥብ ማረፊያ ላይ ምን እንደሚሆን እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አጥንቶ ነበር። ከዚያ የወጣው ቀመር ጎማው የሚንሳፈፍበትን ፍጥነት ከንፋሱ ልክ ጋር ያያይዘዋል። ጥርሱ ሊያስወጣው ከሚችለው በላይ ውሃ የተኛበት መንገድ ላይ፣ 32 ንፋስ (ፒ ኤስ አይ) ያለው ጎማ በሰዓት 94 ኪሎ ሜትር አካባቢ ሙሉ በሙሉ ይነሣል። ንፋሱ ወደ 24 ከወረደ ግን 82 ላይ ነው የሚነሣው። አየህ፣ ንፋስ ስለቀነሰ ብቻ 12 ኪሎ ሜትር አጣህ። «ክረምት ላይ ጎማ እንዲይዝ ንፋስ ቀነስ አድርግ» የሚልህ ሰው ካለ አትስማው። ያ ጭቃ ውስጥ ለሚገባ ሰው የሚሰጥ ምክር ነው። አስፋልት ላይ ተቃራኒው ነው እውነቱ። የመኪናህ ትክክለኛ የንፋስ ልክ የሾፌሩን በር ስትከፍት ምሰሶው ላይ ተለጥፏል። በየሳምንቱ ጠዋት፣ ጎማው ሳይሞቅ አስለካው።

ጥርሱንስ? ፋብሪካው ጥርሶቹ መሃል ትናንሽ ጉብታዎች ሠርቷል። ጥርሱ ከጉብታዎቹ እኩል ሲሆን የቀረው 1.6 ሚሊ ሜትር ነው፤ ጎማው ሞቷል። እኔ ግን ለክረምት እዚያ ድረስ አልጠብቅም። ከ3 ሚሊ ሜትር በታች ከወረደ ውሃ የማስወጣት አቅሙ በጣም ይደክማል። የክብሪት እንጨት ጥርሱ ውስጥ አስገባ፣ ጥፍርህን ከላይ ይዘህ አውጣው፣ ማስመሪያ ላይ ለካው። ሦስት ካልሞላ ጎማ ቀይር።

ዕድሜውንም እይ። ጎማው ጎን ላይ ዲ ኦ ቲ ከሚሉት የላቲን ፊደላት በኋላ ረድፉ መጨረሻ ላይ አራት አሃዝ ታገኛለህ። 3521 ካለ እ.ኤ.አ. በ2021፣ በ35ኛው ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው። እኔ ራሴ አንድ ጊዜ ላስቲኩ ገና የሚያብረቀርቅ ጎማ «አዲስ ነው» ተብዬ ገዛሁ። ጥርሱ ሙሉ ነበር። ቁጥሩን ያየሁት ካሳሰርኩት በኋላ ነው፤ መጋዘን ውስጥ ሰባት ዓመት ተቀምጧል። የመጀመሪያው ዝናብ ላይ አዘዞ መውረጃው ላይ ፍሬን ስይዝ እንደ ሳሙና ነው ያንሸራተተኝ። ከዚያ ወዲህ ቁጥሩን ሳላነብ ብር አውጥቼ አላውቅም።

ከቻልክ ደግሞ ይህን አስብበት። መኪናህ ላይ ያለው ጎማ ልኩ (ስፋቱ በሚሊ ሜትር፣ የጎኑ ከፍታ ከስፋቱ በመቶኛ፣ ጎማው የሚታሰርበት ቸርኬ በኢንች) 205/50 አር 16 ከሆነ፣ ወደ 195/60 አር 15 መቀየር ትችላለህ። የሁለቱ ጠቅላላ ቁመት ልዩነት ግማሽ ሴንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ ስለዚህ የፍጥነት ቆጣሪው አይዛባም። 15ቱ ግን ጠበብ ይላል፣ ውሃን ይሰነጥቃል። የጎማው ጎንም ከፍ ስለሚል ጉድጓድ ውስጥ ስትገባ ቸርኬው ቶሎ አይጣመምም። ከመግዛትህ በፊት ግን ጎሚስታው ጋ አንዱን ቸርኬ ከፊት አስገጥመህ አዙረው። የፍሬኑን አካል የሚነካ ከሆነ ተወው። በመልክ ደረጃ 16ቱ ያምራል፣ እሱን አልክድም። አውልቀህ ቤት አስቀምጠውና ለመስቀል መልሰህ እሰረው።

ቀጥሎ ፍሬን። በ80 ስትሄድ ደረቅ አስፋልት ላይ በጥሩ ጎማ ወደ 36 ሜትር ውስጥ ትቆማለህ። እርጥብ ላይ ያው ፍጥነት ከ60 ሜትር በላይ ሊወስድብህ ይችላል። ይህ እግርህ ፍሬኑን ከረገጠ በኋላ ያለው ነው። አይተህ እስክትረግጥ ያለችው አንዲት ሰከንድ ብቻዋን 22 ሜትር ትበላለች። ስለዚህ ከፊትህ ካለው ሚኒባስ ጋር ያለህን ርቀት ከበጋው እጥፍ አድርገው። ክፍተቱን አይቶ ባጃጅ ይገባብሃል፣ አውቃለሁ። ይግባ። አንተ እንደገና ወደ ኋላ ቀረት በል።

በተለይ የመጀመሪያውን ዝናብ ፍራው። ከጥቅምት ጀምሮ አስፋልቱ ላይ ዘይት ሲንጠባጠብ፣ አቧራ ሲከመር፣ የጎማ ላስቲክ ሲፈጭ ከርሟል። ግንቦት ላይ ለሃያ ደቂቃ የሚያካፋ ዝናብ ይህን ሁሉ ይለውሰዋል እንጂ አያጥበውም። ከነሐሴ ዶፍ ይልቅ የግንቦት ካፊያ የሚያንሸራትተው ለዚህ ነው።

የአንተ ሴሊካ በፊት ጎማ ነው የምትጎተተው። ሞተሩም ከፊት ነው። ይህ ለእርጥብ መንገድ መልካም ነው፤ ክብደቱ የሚያርፈው በሚስበው ጎማ ላይ ነው። ኩርባ ላይ ግን ጠባዩን እወቅ። ፈጥነህ ከገባህ አፍንጫዋ ቀጥ ብላ ወደ ውጭ ትሄዳለች። ያን ጊዜ መሪውን አብዝቶ ማዞር ነገሩን ያብሰዋል። ነዳጁን ቀስ ብለህ ልቀቅ፣ መሪውን ትንሽ መልስ፣ ጎማው ሲይዝ ይሰማሃል። ድንገት ነዳጅ መልቀቅና ፍሬን አንድ ላይ ከሆነ ደግሞ ኋላዋ ቀለል ብሎ ይወጣል። ዋናው መፍትሔ ግን ከኩርባው በፊት ነው፦ ፍጥነትህን ቀጥታው ላይ ጨርስ።

ቤትህ ያለበትን ዓይነት ሰፈር አውቀዋለሁ። ኮብልስቶን በጎማ ስለተወለወለ ሲረጥብ እንደ ተላሰ ሳህን ነው። ድንጋዮቹ መካከል ያለው አሸዋ በጎርፍ ሲወጣ ደግሞ አንዳንዱ ድንጋይ ቀና ይላል። ስትወርድ ገና ከላይ አንደኛ ማርሽ አስገባና ሞተሩ ይያዝህ። ፍሪሲዮን ረግጠህ በፍሬን ብቻ አትውረድ። ኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማው እንዳይቆለፍ የሚከላከለው) ካላት ፍሬኑ እግርህ ሥር ሲንቀጠቀጥ አትደንግጥ፣ አትልቀቀውም፤ ሥራውን እየሠራ ነው። ስትወጣ ጎማው በባዶ ከዞረ በሁለተኛ ማርሽ፣ ፍሪሲዮኑን በቀስታ እየለቀቅህ ሞክር። መሃል ዳገት ላይ አትቁም። ከላይ የሚወርድ ካለ ከታች ሆነህ ጠብቀው።

አሁን ደግሞ ብዙ ሞተር የገደለው ነገር። ውሃ።

ከዓመታት በፊት፣ ነሐሴ ላይ፣ አንድ ደንበኛ ዝቅ ያለች መኪናውን አስጎትቶ ጋራዥ አመጣት። ጎርፍ አንዱን መታጠፊያ ሞልቶት ነበር። አንድ ፒክአፕ ሲያልፍ አይቶ ተከትሎት ገባ። መሃል ላይ ሞተሩ ጠፋ። እሱም ደንግጦ ቁልፉን ደጋግሞ አዞረ። ፈትተን ስናየው ሁለት ቢየላ (ፒስተኑን ከሞተሩ ዘንግ ጋር የሚያያይዘው ብረት) ተጣሟል፣ አንዱ የሞተሩን ጎን ሊበሳ ምንም አልቀረውም። ሰውየው ሲያይ ዓይኑ እንባ አቀረረ። የብዙ ዓመት ቁጠባው ነበረች።

ምን ሆኖ ነው? ሞተር አየርን አምቆ ነው የሚሠራው። ውሃ ግን አይታመቅም። አየር በሚስብበት ቱቦ ውሃ ከገባ ፒስተኑ ወደ ላይ ሲመጣ ግድግዳ ይገጥመዋል። የሚሸነፈው ቢየላው ነው። የዚያ ሰው መኪና ላይ ደግሞ የፋብሪካው የአየር ማጣሪያ ቤት ወጥቶ፣ ክፍት ፊልትሮ ባምፐሩ ሥር ዝቅ ብሎ ታስሮ ነበር። ድምፁን ስለሚያሳምር ወጣቶች ይወዱታል። አንተም እንዲህ ያለ ካለህ፣ እባክህ፣ ለክረምቱ የፋብሪካውን መልስ። ልመናዬ ነው።

መለኪያ ልስጥህ። የጎማህ ጎን ቁመት 10 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ የተኛው ውሃ የቸርኬውን የታችኛውን ጠርዝ የማይደርስ ከሆነ ቀስ ብለህ እለፍ። ከዚያ ካለፈ አትግባ። መለካት ካልቻልክም አትግባ፤ እግረኛ ሲሻገር ጠብቀህ ከቁርጭምጭሚቱ ጋር አስተያየው። ስታልፍ በአንደኛ ማርሽ፣ በእኩል ፍጥነት፣ ማዕበል ሳታስነሣ ሂድ። ከፊት ለፊት ትልቅ መኪና እየመጣ ከሆነ ያ ይለፍ፤ እሱ የሚገፋው ውሃ ነው አየር መሳቢያህ የሚገባው። የሚሄድ ውሃ ከሆነ ደግሞ ጨርሶ አትሞክረው። ወደ ቀሃና ወደ አንገረብ የሚወርደው ጎርፍ ድንጋይ ይዞ ነው የሚመጣው። 30 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ወራጅ ውሃ ቀላል መኪና ያነሣል። የጎንደር ዶፍ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚቆየው አንድ ሁለት ሰዓት ነው። ቡና ጠጥተህ ጠብቀው።

ምናልባት መሃል ላይ ከጠፋችብህ ቁልፍ አታዙር። አንዴም። ገፍታችሁ አውጧት፣ አስጎትታትና መካኒክ ዘንድ ውሰዳት። ካንዴላዎቹ ይወጣሉ፣ ሞተሩ ካንዴላ ሳይኖረው ይዞራል፣ ውሃው በቀዳዳው ተረጭቶ ይወጣል። ዘይቱም ይታያል፤ እንደ ወተት ካነጣ ውሃ ገብቶበታልና ይቀየራል። ይህን ያደረገ ሰው ብዙ ጊዜ ሞተሩን አትርፎ ይሄዳል።

ከውሃ ስትወጣ ፍሬኑም ርሷል። መንገዱ ባዶ ሲሆን እየሄድክ በግራ እግርህ ሳይሆን በተለመደው በቀኝህ ፍሬኑን ሦስት አራት ጊዜ ለስለስ አድርገህ ንካው። የፍሬኑ ሸራ ይደርቃል።

ከመሬት ያላት ከፍታ ትንሽ መሆኑን መቼም ታውቀዋለህ። ብሬከር ላይ አንዱን ጎማ አስቀድመህ ሰያፍ እለፍ። ሦስት ሰው ከኋላና ከፊት ጭነህ ከሆነ ሆዷ ይበልጥ ይወርዳል። ከጎርፍ በኋላ አስፋልቱ ላይ የሚቀር ድንጋይን በሁለቱ ጎማ መካከል ላሳልፈው አትበል፤ ለኮሮላ የሚያልፈው ለአንተ የሞተሩን የዘይት መያዣ ይመታል። ሥር መታህ መሰለህ? ወዲያው ቁም፣ ጎንበስ ብለህ እይ። ዘይት እየፈሰሰ ሁለት ኪሎ ሜትር መሄድ ሞተር ያስነክሳል። በነገራችን ላይ በዚያ ዘመን የተሠሩት የሴሊካ 1.8 ሊትር ሞተሮች ዘይት በመብላት ይታወቃሉ። የዘይት ልክ መለኪያውን በየሳምንቱ ማየት ለአንተ ግዴታ ነው፣ ክረምትም በጋም።

የባህር ዳር መንገድህ 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጠዳን፣ ማክሰኚትን፣ እንፍራንዝን አልፈህ አዲስ ዘመን ድረስ ኩርባውና ሽቅብ ቁልቁሉ አለ። ከዚያ ወረታ ላይ ሜዳ ነው፣ መንገዱም ቀጥ ይላል። ሰው ፍጥነት የሚጨምረው እዚያ ነው። እኔ ግን ክረምት ላይ የምፈራው ይህንኑ ሜዳ ነው። የፎገራ መሬት ዋልካ ነው፤ ውሃ ቶሎ አይመጥም። ርብና ጉማራ ሲሞሉ ውሃው ማሳው ላይ ይተኛል። ከብቱ ደረቅ ቦታ ፍለጋ አስፋልቱ ላይ ይወጣል። ትራክተርና ጋሪ ከማሳ ይዘው የሚወጡት ዋልካም አስፋልቱ ላይ ይለጠፋል፤ ዝናብ ሲነካው ከዘይት አይተናነስም። እዚያ ላይ ከ70 አትለፍ። ዳር ውጣ ብትባልም ጎማህን ከአስፋልቱ አታውርድ፤ ዋልካ ውስጥ የገባች ዝቅ ያለች መኪና በበሬ ነው የምትወጣው።

መቅደምን በተመለከተ ደግሞ ይህን አስብ። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ ስስ ነው። አየር የሚገፋለት ተርቦ የሌለው ሞተር እዚህ ከተጻፈለት ጉልበት አንድ አምስተኛ ያህሉን ያጣል። 140 ፈረስ ጉልበት የተባለችው መኪና እዚህ 110 ገደማ ናት። ስፖርት መኪና ነች ብለህ አይሱዙ ለመቅደም ከወጣህ ካሰብከው በላይ ጊዜ ይፈጅብሃል። አይሱዙው ደግሞ ከጎማው የሚረጨው ጭቃ መስታወትህን ይሸፍነዋል። ፊትህ ካልታየህ አትውጣ። ሲመሽ ጨርሶ ባትነዳ ነው የምመርጠው። ወደ ደባርቅ የምትሄድበት ቀን ካለም ጉሙ ጠዋት ላይ ይብሳል። ረጅሙን መብራት ጉም ውስጥ አታብራ፤ ነጭ ግድግዳ ሆኖ ይመለስብሃል።

መስታወቱ ከውስጥ ላብ ሲሞላ ሰው በእጁ ይጠርጋል። ኤሲ አብራ። ብዙ ሰው ኤሲ ለሙቀት ብቻ ይመስለዋል። ኤሲ ከአየሩ ውስጥ እርጥበት ይለቅማል። ሙቀቱንም አብረህ ክፈት፣ አየሩን ወደ መስታወቱ አዙር፣ በአንድ ሁለት ደቂቃ ጥርት ይላል። ቶሎ ቶሎ ላብ የሚይዛት ከሆነ ግን የእግር ምንጣፉን አንሥተህ ከሥሩ በእጅህ ዳስስ። እርጥብ ከሆነ ውሃ የሚያስገባ ቦታ አለ። አብዛኛውን ጊዜ ከኮፈኑ ኋላ፣ ዝናብ መጥረጊያው ሥር ያለው የውሃ መውረጃ ቅጠል ደፍኖት ነው። ባህር ዛፍ ሥር የምታቆማት ከሆነ በየሳምንቱ አጽዳው። የበሮቹ ታችኛ ጠርዝ ላይም ትናንሽ ቀዳዳዎች አሉ፤ በክብሪት እንጨት ክፈታቸው።

የፍሬን ዘይት እርጥበት ይስባል፣ በየሁለት ዓመቱ ይቀየር። የባትሪውን ራስ በሙቅ ውሃና በቤኪንግ ሶዳ አጥበህ ግራሶ ቀባው። የዝናብ መጥረጊያውን ላስቲክ ቀይር፤ በጋ ላይ ፀሐይ አድርቆታል። እነዚህ የግማሽ ቀን ሥራ ናቸው።

ነዳጅን በተመለከተ፣ ሰልፉ እንደሚያሰለች አውቃለሁ። ግን ክረምት ላይ ከመንገድ ዳር በሃይላንድ የሚሸጥ ቤንዚን አትቅዳ። ዝናብ ሲዘንብበት፣ ጀሪካን ታጥቦ ሳይደርቅ ሲሞላ ውሃ ይገባበታል። ውሃው ከባድ ስለሆነ ታንከርህ ሥር ይተኛል፣ ፓምፑም የሚስበው ከሥር ነው። ታንከርህን ከግማሽ በታች አታውርደው፤ ድንገት ወደ ጥቁር ገበያ የሚወስድህ ባዶ ታንከር ነውና።

ጭቃ ይዛ ስትመጣ ማጠብ አትዘግይ። ላዩን ሳይሆን ሥሯን ነው የምልህ። ጎማ ቤቶቹ ውስጥ የተለጠፈ ጭቃ እንደ እርጥብ ጨርቅ ብረቱን አቅፎ ይቆያል። የቸርኬውን የውስጥ ጎንም እጠብ። ብዙ ሰው ከጭቃ መንገድ ሲመለስ መሪው ይንቀጠቀጥበትና ባላንስ ያስይዛል፤ አንዱ ቸርኬ ውስጥ የደረቀ ጭቃ ነው ጉዳዩ። የፊት ጎማዎቹን ከማርሽ ሳጥኑ ጋር በሚያገናኙት ዘንጎች ጫፍ ያሉትን ኩፊያዎች (የላስቲክ ሽፋኖች) እያቸው። ከተቀደዱ ግራሶው ወጥቶ አሸዋ ይገባል፣ ሙሉ መሪ ስታዞር ቀጭ ቀጭ ማለት ይጀምራል። ኩፊያ ርካሽ ነው፣ መገጣጠሚያው ግን ውድ ነው። አጣቢዎቹ ሞተሩን በከፍተኛ ግፊት ውሃ እንዳይመቱት ከአጠገብ ቁም። ዲናሞውና የኤሌክትሪክ ሶኬቶቹ አይወዱትም።

ስለ መሸፈን የጠየቅከው ቀረ። ለሁለትና ሦስት ሳምንት ከሄድክ ግን አቁማት፣ ነውር የለውም። ፕላስቲክ ሸራ ግን አታልብሳት። ከመሬት የሚነሣው እርጥበት ከሥሩ ታፍኖ ቀለሙን ያበላሻል፤ ንፋስ ሲያወዛውዘውም ቀለሙን ይፍቀዋል። ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ አየር እየገባ፣ ሳትሸፈን ብትቆም ይሻላል። ጣሪያውም ከበረዶ ጠጠር ያድናታል። የእጅ ፍሬን ስበህ አትተዋት፤ የፍሬኑ ሸራ ከብረቱ ጋር ዝጎ ይጣበቃል። ማርሽ አስገባና ጎማ ሥር ድንጋይ አድርግ። የባትሪውን ኔጌቲቭ ፍታ። ስትመለስ ጠዋት ፍሬኑ ሲፋቅ ብትሰማ ዲስኩ ላይ ያለ ቀላል ዝገት ነው፣ አንድ ሁለት ጊዜ ስትረግጠው ይለቃል።

ዛሬ ማታ ባትሪ መብራት ይዘህ ውጣ። አራቱንም ጎማዎች ጎናቸውን አብርተህ አራት አራት አሃዞቹን ወረቀት ላይ ጻፍ። አንዳንዱ ጎማ ላይ ቁጥሩ በውስጥ በኩል ስለሆነ ጎንበስ ማለት ይኖርብሃል። ትርፍ ጎማውንም አትርሳ። ቁጥሮቹንና በክብሪት እንጨት የለካኸውን ላክልኝ፤ የትኛው ሊቆይ እንደሚችል፣ የትኛው ከሰኔ በፊት መውጣት እንዳለበት ለይቼ እነግርሃለሁ።